ከቆጠራው የተደበቁት

ግሩሽኒክ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2022

ለተከበሩ አቶ ኢግናሲዮ ጋይዳ
ፓራና፣ ብራዚል

የደብዳቤዬ የመጀመሪያ ቃል «ክርስቶስ ይመስገን» ነው፤ እርስዎም ባሉበት ሆነው «ለዘላለሙ፣ አሜን» እንደሚሉልኝ አምናለሁ። ቀጥዬ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ቤተሰብዎና ስለ አዝመራዎ እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ።

አያውቁኝም። ሌዎካዲያ ጋይዳ እባላለሁ። አርባ አንድ ዓመት በዚህ ቦታ ፖስታ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ በኮምፒውተር ጻፊልኝ እንዳይሉኝ፣ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አላምንም። አድራሻዎን የሰጡኝ የእናንተ አገር ቄስ ናቸው። የእርስዎ አያት አያት ማቼይና የእኔ አያት አያት ቫለንቲ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ማቼይ በ1890 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ብራዚል ሄደ፤ ቫለንቲ እዚሁ ቀረ።

የጻፍኩበትን ምክንያት ልንገርዎት። ግሩሽኒክ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ከተማ ነበረች፤ የራሷ ገበያ፣ የራሷ ዳኛ፣ የፒር ፍሬ የተቀረጸበት የራሷ ማኅተም ነበራት። በ1869 አገራችንን ፖላንድን ይገዛ የነበረው የሩሲያ ንጉሥ፣ ዛሩ፣ ሕዝባችሁ ሁለት ሺህ አይሞላም ብሎ መንደር አደረገን። ከዚያ ወዲህ በወረቀት መንደር ነን። በአፋችን ግን እሺ ብለን አናውቅም፤ ወደ አደባባዩ ስንወጣ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» እንላለን፣ ቤታችን ከአደባባዩ ሃያ እርምጃ ቢሆንም። የጎረቤታችን የዛቫዳ መንደር ሰዎች «ላም ለማለብ ከረባት የሚያስሩ» እያሉ ይሥቁብናል።

አሁን የከተማነት መብታችን እንዲመለስ ልናመለክት ነው። ማመልከቻው በሚመጣው ማርች መጨረሻ መግባት አለበት። ማቼይ በዚያን ዘመን የከተማው ጸሐፊ ስለ ነበር አንዳች አሮጌ ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ ይዞ ሄዶ ከሆነ ቢልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከተማ ውስጥ ብሞት ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ ሌዎካዲያ ጋይዳ


ፓራና፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2022

ለተከበሩ አክስቴ ሌዎካዲያ

ለዘላለሙ፣ አሜን። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይማርልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ባቄላው በዝናብ ትንሽ ተጎዳ እንጂ እንደ ሻይ የሚፈላው የማቴ ቅጠላችን ዘንድሮ ጥሩ ነው።

በፖላንድኛ ስጽፍ ቢሥቁብኝ አልቀየምም። ቋንቋውን የተማርኩት ከአያቴ ነው፤ እሱም ከአያቱ። ከዋርሶ የመጣ አንድ ወጣት ቄስ ካዳመጠኝ በኋላ «አንተ እኮ የምታወራው ከመቃብር ውስጥ ነው» አለኝ። እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ገና መቃብር አልገባሁም።

ከማቼይ የቀረ አንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አለ። አባቴ ሲሞት አደራ ብሎ ሰጥቶኛል። ውስጡ ምን እንዳለ ልጻፍልዎት ወይስ አልጻፍልዎት ገና እያሰብኩ ነው። አያቴ ስለ ግሩሽኒክ ማውራት ይወድ ነበር፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል። ለምን ለቀው እንደ መጡ ሲጠየቅ ግን ተነሥቶ ወደ በቆሎው ይሄዳል።

እስከዚያው እኔም ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ የማቼይና የቫለንቲ እናት አፖሎኒያ መቃብሯ ካለ፣ በኖቬምበር አንድ፣ በቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ በእኛ ስም አንዲት ሻማ ያብሩላት። ሁለተኛ፣ ማቼይ ይኖርበት የነበረው ቤት። አደባባዩን ፊት ለፊት የሚያይ፣ በረንዳው በሁለት የእንጨት ምሰሶ የቆመ፣ በቀኙ ምሰሶ ላይ በገዛ እጁ አንዲት ፒር ከነቅጠሏ የቀረጸበት ነው ይባላል። ቤቱ አለ? ማን ይኖርበታል?

ልጅዎ ኢግናሲዮ


ግሩሽኒክ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2022

ውድ ኢግናሲዮ

ክርስቶስ ይመስገን፤ የሚገባውን መልስ አንተ ጨምርበት። ዕድሜህን ስለ ነገርከኝ ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመት እበልጥሃለሁና ቅር አይበልህ።

ለአፖሎኒያ ሻማ አብርቻለሁ፤ አንድ በእናንተ ስም፣ አንድ በእኔ። መስቀሏ ወደ ግራ ዘሟል፣ ስሟ ግን ይነበባል። ድንጋዩን በብሩሽ ያጠበችልኝ ሶሎሚያ ናት። ሶሎሚያ ከጦርነቱ ሸሽታ ከዩክሬን የመጣች ነርስ ስትሆን ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር እኔ ቤት ፎቁ ላይ ትኖራለች። የትም አልተመዘገበችም፤ እንግዳዬ ናት፣ ለምን ነገር ይበዛል።

ዛሬ ግሩሽኒክ ውስጥ ማን አለ ብለህ ብትጠይቅ፣ በማቼይ ዘመን ከነበሩት ዘር ጥቂት ነን። ያኔ ከመቶው ስልሳ የሚሆኑት አይሁድ ነበሩ፤ የቀረነው ካቶሊኮች፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጥቂት ጀርመን ሸማኔዎች። ሐሙስ ገበያ ላይ በሦስት ቋንቋ ይሰዳደቡ ነበር፣ በሦስቱም ይግባቡ ነበር ይባላል። ሸማኔዎቹ የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ ወደ ዉጅ ከተማ ሄዱ። አይሁዶቹን ጀርመኖች በኦክቶበር 1942 በአንድ ቀን ጠርገው ወሰዷቸው። እናቴ በመስኮት አይታለች። የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት ከተማው ዳቦ አልነበረውም፣ ጋጋሪ ስለሌለ። ከጦርነቱ በኋላ የአገራችን ምሥራቅ ወደ ሶቪየት ሲሄድ ከዚያ የተፈናቀሉት ላማቸውን በባቡር ጭነው መጡና ባዶ ቤቶቹ ውስጥ ገቡ። በኋላ ደግሞ የእኛ ልጆች ወደ አየርላንድ ጎረፉ፤ እዚያ አንድ ሙሉ ጎዳና ግሩሽኒክኛ ነው የሚናገረው ይላሉ። አሁን ዩክሬኖቹ መጡ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ አደባባዩ ግን ያው ነው።

ጭንቀታችንን ልንገርህ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ቢሮ ሁለት ሺህ የተመዘገበ ነዋሪ ካላሳያችሁ አትድከሙ ብሎናል። እኛ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ነን። ሰማንያ ስምንት ሰው ጎደለን። ያኔም በሁለት ሺህ፣ አሁንም በሁለት ሺህ።

ደግሞ መደበቅ ስለማይሆንልኝ ይህን ስማ። ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ዜኖን ተነሥቶ «ሌዎካዲያ፣ ለዘመዶችሽ ጻፊላቸውና መጥተው ይቁጠሩልን፣ ማጉደል ያውቁበታል» አለኝ፤ አዳራሹ ሣቀ። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ማቼይ ለዛሩ ሰዎች አድልቶ ቁጥሩን አጉድሎ ጽፎ ከተማነታችንን አሳጣን ተብሎ ነው። ወላጆቻችን እንዲህ ነግረውናል። ሐቁን ጠይቀኸኝ አልዋሽህም።

አክስትህ ሌዎካዲያ


ግሩሽኒክ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2023

ውድ ኢግናሲዮ

ክርስቶስ ይመስገን። ከፓራና የተላከ ደብዳቤ በበዓል ሰሞን እንኳ ከሃያ አምስት ቀን በላይ አይፈጅም። አርባ አንድ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ስለሆነ ይህን ማንም አያስተምረኝም። ስለዚህ ዝምታው የፖስታው አይደለም፣ የአንተ ነው።

ተቀይመሃል። እኔ የጻፍኩት ሰው የሚለውን ነው። ምናልባት ሌላ አባባል ይኖረው ነበር።

ማመልከቻው ሊገባ አሥር ሳምንት ቀርቶታል። በሦስት ወር ውስጥ ያገኘነው አራት ሰው ነው፤ መንታ የወለደች አንዲት ሴትና ከአየርላንድ የተመለሱ ባልና ሚስት። ሰው ሁሉ ተከራይ ይዞ «እንግዳ ነው» ይላል። ተከራይ ከተመዘገበ ግብር ይመጣብኛል፣ አንዴ ከተጻፈ አላስወጣውም ብሎ ይፈራል። ከራስ በላይ ነፋስ ነው ነገሩ።

ሣጥኑ ውስጥ ምንም ይኑር ምን፣ ደህና መሆንህን ጻፍልኝ።

ሌዎካዲያ


ፓራና፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2023

ለተከበሩ አክስቴ ሌዎካዲያ

ለዘላለሙ፣ አሜን። ደህና ነኝ። አዎ፣ ተቀይሜ ነበር። ሚስቴ «ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፣ አንተ ስለ እሱ እራት ትተዋለህ» ብላ ሣቀችብኝ። የዘገየሁት ግን በመቀየሜ ብቻ አይደለም። አባቴ ሣጥኑን ሲሰጠኝ «የሰው ስም አለበት፤ ስማችን እንዲጠራ ብለህ የሌላውን ስም አታጉድፍ» ብሎ አስምሎኛል። ማቼይም ለልጁ ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ወር ከሟቾቼ ጋር ተሟገትኩ።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው የቆጠራው ረቂቅ ደብተር ነው። ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በግራው ገጽ ማቼይ ቤት ለቤት ዞሮ የቆጠረው እውነተኛው ቁጥር አለ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ አራት። በቀኙ ለዛሩ ሹሞች የሰጠው አለ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አንድ። በመካከሉ የሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሰዎች ዝርዝር፣ ማን እንደ ደበቃቸውና የት እንደ ደበቃቸው ተጽፏል። ወታደር እንዳይወሰዱ የተሸሸጉ ወንዶች ልጆች፣ ግብር እንዳይከፈልባቸው የተሸሸጉ ሠራተኞችና አማቾች። እያንዳንዱ አባወራ ለብቻው ማቼይ ዘንድ እየመጣ «የእኔን ብቻ ዝለልልኝ፣ አንድ ሁለት ሰው ምን ያጎድላል» ብሎታል። ማቼይም እሺ አለ። ጥፋቱ እሺ ማለቱ ነው፤ ጥቅም አልተቀበለም። ከተማው ሲወርድ ሁሉም ወደ እሱ ጣታቸውን ቀሰሩ፣ እሱም ደብተሩን አውጥቶ ማሳየት ይችል ነበር። ቢያሳይ ኖሮ ግን ዛሩ የተሸሸጉትን ልጆች ከነቦታቸው ያገኛቸው ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ስድብ ችሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሄደ።

የመጀመሪያውን መስመር ከማንበብዎ በፊት ይቀመጡ አክስቴ።

ማንበብ ያለብዎት እርስዎ እንደሆኑ ወስኛለሁ። አባቴም ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ይፈቅዳል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሩም የለ፣ የሚወሰድ ወታደርም የለ። የማስቸግርዎት አንድ ነገር ነው። ካነበቡ ሁሉንም ያንብቡ፣ የሞቱትን፣ የሄዱትን፣ የአይሁዶቹንም፤ አንድ ስም አይዝለሉ። በመዝለል ነው የጠፋነው።

ስለ ቤቱ ግን አልመለሱልኝም።

ልጅዎ ኢግናሲዮ


ግሩሽኒክ፣ ማርች 14 ቀን 2023

ውድ ልጄ ኢግናሲዮ

ክርስቶስ ይመስገን፣ ዛሬ ከልቤ ነው የምለው። ብዙ የምነግርህ አለኝ።

እንደ መከርከኝ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ወንድሜ ቫለንቲ፣ ሦስት ወንዶች ልጆች፣ ድርቆሹ ውስጥ።» ከሦስቱ አንዱ የአያቴ አባት ነው። ደብተሩን ዘግቼ ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። አልዋሽህም፣ ከሁለተኛው መስመር ብጀምርስ ብዬ አስቤያለሁ። ማን ያውቅብኛል። በልጅነቴ ማቼይ የሚለው ስም በቤታችን የሚጠራው ድመት ወተት ስትደፋ ነበር፤ «አንቺ ማቼይ» ይሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን አወጣሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእሳት አደጋ ጓድ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ድሮ የአይሁድ ጸሎት ቤት ነው። መነጽሬን አደረግኩና ተነሣሁ። ደብተሩ ከየት እንደ መጣ ነገርኳቸውና የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ።

ዜኖን እጁን አወጣ። «ቆይ፣ ቆይ። ቫለንቲ ያንቺው አይደለም እንዴ?»

«የኔው ነው» አልኩት። «እኛ ልጅ አስተርፈን ከተማ ሸጥን፣ ከዚያ መቶ ሃምሳ ዓመት ሌላውን ሰደብን። አሁን ዝም በልና አድምጥ፣ ገና ሁለት መቶ ዘጠና አሉኝ።»

ቀጠልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች፣ ሁለት ወንድሞች፣ ደወሉ ቤት። ሌይብ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁለት ልጆች፣ ዱቄት ማከማቻው። ሸማኔው ክራውዘ፣ አማቹ፣ ከሱፉ ሥር። የቄሱ የወንድም ልጅ በቄሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቅዳሴ ልብሱ ኋላ መቆሙን ሳነብ አንድ ሰው ሣቀ፣ ከዚያ ሁሉም። እየሣቁ የየራሳቸውን ቅድመ አያት ስም ሲሰሙ ፊታቸው ይቀላል። የአንዲት ሴት እንባ ወረደ፤ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛን ነው ኢግናሲዮ። ዛሩ ሰበብ ይፈልግ ነበር፣ እኛም አጥፈን ሰጠነው።

ስጨርስ ዜኖን ተነሣ። «ጥሩ ነው፤ እኔን ግን አይመለከተኝም። አባቴ እዚህ የመጣው በ1945 ነው፣ ከላም ጋር።»

«አንተን የሚመለከትህ አጉድሎ የተጻፈው የቀኙ ገጽ ነው» አልኩት። «ጣራህ ሥር ስንት ሰው አለ ዜኖን?»

«እንግዶች ናቸው።»

«ስንት?»

«አራት።»

«በእኔም ጣራ ሥር ሦስት አሉ» አልኩ። «አልተመዘገቡም። ሰማንያ ሰው ጎደለን ብዬ በየቤቱ ሳለቅስ የከረምኩት እኔ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መዝጋቢዋ መስኮት ፊት እቆማለሁ። ድርቆሹ ውስጥ መቅረት የፈለገ ይቅር።»

ሰኞ ከሶሎሚያና ከልጆቿ ጋር ስደርስ መስኮቱ ገና አልተከፈተም። ከኋላችን ዜኖን አምስት ሰው አስከትሎ መጣ።

«አራት ብለህ አልነበር?» አልኩት።

«አንዱ ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሥር ወጣ» አለ።

ሰልፉ እስከ ፋርማሲው ደረሰ። ሶሎሚያ ፈርማ ስትጨርስ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። «እትዬ፣ ፖስታ ሣጥኑ ላይ ስሜን መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው?» አለችኝ። ለካ ባሏ ከጦር ግንባር የሚጽፍላት «ለሌዎካዲያ» እያለ ኖሯል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ፖስተኛው ተሳስቶ ደብዳቤዬን ለእሷ ይሰጣታል ብዬ እቆጣው ነበር። አፈርኩ። በዚያኑ ቀን ስሟን በትልቁ ጻፍኩላት።

በአሥር ቀን ውስጥ አንድ መቶ ሃያ ሰባት ሰው ተመዘገበ። ከቀድሞዎቹ አራት ጋር ሁለት ሺህ አርባ ሦስት ነን። ማመልከቻው ትናንት ሄዷል፤ ማኅተሙን ራሴ ቆሜ አስመታሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የማቼይ ስም እዚህ ነጽቷል። ዜኖን እንኳ «ሰውየው አፉን መያዙ ከእኛ ሁሉ በልጧል» ብሏል።

አክስትህ ሌዎካዲያ


ፓራና፣ ሜይ 2 ቀን 2023

ለተከበሩ አክስቴ

ለዘላለሙ፣ አሜን። ደብዳቤዎን ለቤተሰቡ ሁሉ ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የቄሱ ቁም ሣጥን ጋ ስደርስ ሚስቴ በሣቅ ወንበሯን ለቀቀች። ቫለንቲ ጋ ስደርስ ግን ደግመህ አንብብ አሉኝ። የራስዎን ስም አስቀድመው ማንበብዎን አባቴ ቢሰማ ከፊትዎ ቆቡን ያወልቅ ነበር። እኔ በእሱ ፈንታ አውልቄያለሁ።

ውሳኔው ሲወጣ አይደብቁኝ፤ ክፉም ቢሆን።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ፤ ፈርሶም ከሆነ ፈርሷል ይበሉኝ። ሁለት ምሰሶ ያለው ቤት፣ በቀኙ ፒር ያለበት። ማን ይኖርበታል?

ኢግናሲዮ


ግሩሽኒክ፣ ኦገስት 1 ቀን 2023

ኢግናሲዮ፤ ሆነ። ከመጪው ጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ከተማ ነን። ሰው በሬን ስለሚያንኳኳ ሌላውን በኋላ እጽፋለሁ። ሌዎካዲያ።


የግሩሽኒክ ከተማ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2024

ውድ ልጄ ኢግናሲዮ

ክርስቶስ ይመስገን። ከላይ የጻፍኩትን አድራሻ አየህ? መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ እርሳሴን አነሣሁ፣ ከዚያ ተውኩት።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር። በረዶው ቀልጦ ጭቃ ስለነበር ሁሉም ጫማው ተበላሽቷል፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። የእሳት አደጋ ጓዱ ሙዚቀኞች መለከታቸውን ነፉ፤ አንደኛው በብርዱ ድምፁ ስለተዘጋ እንደ ዝይ ይጮህ ነበር። የዛቫዳ ሰዎችም መጥተዋል፤ ሁሉም ከረባት አስረው። ስንት ዓመት በሰደቡን ቀልድ ራሳቸው ሲመጡ አቅፈን ሳምናቸው። አሮጌው ሰሌዳ ወርዶ አዲሱ ተሰቀለ።

ከዚያ አደራ እንዳልከኝ ደብተሩ ተነበበ፣ በዚህ ጊዜ የግራው ገጽ፣ የአባወራዎቹ ስም በሙሉ። ሥርዓቱን የተበደርነው በብሔራዊ በዓል ወታደሮች ለሞቱት ጓዶቻቸው ከሚያደርጉት ነው፤ ስም ይጠራል፣ በሟቹ ፈንታ የቆመ «አለ» ይላል። እኔ አነባለሁ፣ ዘሩ ያለ «አለ» ይላል። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ከዚያ «ሌይብ፣ ዳቦ ጋጋሪ» አልኩ። የሚመልስ የለም። ቆም አልኩ። ከእሱ በኋላ ስልሳ ሰባ እንዲህ ያሉ ስሞች በተራ እንዳሉ አውቅ ነበር። እንዴት እንደምጨርሰው አላወቅሁም።

ዜኖን ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ፊት ወጣ። «በቤቱ የምኖረው እኔ ነኝ» አለ። «ምድጃው አሁንም የእሱ ነው፣ አባቴ ሲገባ ሞቆ አላገኘውም እንጂ። ሌይብ አለ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ሁለት ጊዜ አላስጠራም። «ሐይም፣ ኮርቻ ሠሪ።» የፋርማሲዋ ሴት፣ «በቤቱ የምኖረው እኔ ነኝ፣ አለ።» «ክራውዘ፣ ሸማኔ።» ዜኖን ቤት ከነበሩት አንዱ፣ ወደ ወንዙ ማዶ የተዛወረው የዩክሬን ልጅ፣ «እኔ ነኝ የምኖርበት፣ አለ።» ቤታቸው የፈረሰባቸውን ደግሞ አደባባዩ በአንድ ድምፅ መለሰላቸው። ባዶ የቀረ ስም አልነበረም ኢግናሲዮ። አንድም አልተዘለለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ቀና አድርጌ ቆሜ አላውቅም።

የመጨረሻው መስመር ማቼይ ነው፤ ራሱን ከሁሉ በኋላ ነው የቆጠረው። «ማቼይ ጋይዳ፣ ጸሐፊ፣ ሚስትና አምስት ልጆች።» ሕዝቡ ወደ እኔ አየ። ደብተሩን ለሶሎሚያ ሰጠኋትና እንደ ሌላው ሰው ወደ ፊት ወጣሁ።

«በቤቱ የምኖረው እኔ ነኝ» አልኩ። «አለ።»

ሦስት ጊዜ ጠይቀኸኝ ሦስት ጊዜ ያለፍኩህ ስለዚህ ነው። ማቼይ ሲሄድ ቤቱን ለቫለንቲ የሰጠው በአንድ ፈረስና በአንድ ጋሪ ነው፤ ወደ ባቡሩ የሚያደርሰው ሌላ ማንም ስላልነበረ። አደባባይ ላይ ያለ ቤት በአንድ ፈረስ። ፒሯን እኔ አይቻት አላውቅም ነበር፤ አያቴ በላይዋ ሳንቃ መትቶባታል። ትናንት ጠዋት ሶሎሚያ መሰላሉን ያዘችልኝ፣ ሳንቃውን በመዶሻ አወረድኩት። አለች። ቅጠሏም አለ። ከሥሯ ምስማር ገብቶባት ትንሽ ተሰንጥቃለች፣ ከዚያ በቀር እንደ ትናንት ናት። ሰው ሁሉ እየመጣ ይነካታል።

ይቅር በለን። ቤቱ ሰፊ ነው።

ዛሬ በመዝገቡ ሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ ነን።

አክስትህ ሌዎካዲያ፣ ከማቼይ ቤት


ፓራና፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2024

ለተከበሩ አክስቴ

ለዘላለሙ፣ ለዘላለሙ፣ አሜን።

ስለ ፈረሱ አይጨነቁ። አያቴ ሲናገር አንድ ዓይኑ የማያይ ፈረስ ነበር፤ ግን ሰባት ሰው ከነሣጥኑ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሳይቆም አድርሷል። ስለዚህ መልካም ፈረስ ነበር።

ደብዳቤዎን ማሳው ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «አለ» የሚለው ጋ ስደርስ እኔም ብቻዬን ጮክ ብዬ መለስኩ፤ ላሞቹ ቀና ብለው አዩኝ።

እኔና ሚስቴ ለቅዱሳን ሁሉ ቀን እንመጣለን። የአፖሎኒያን መስቀል ራሴ አቀናዋለሁ። እሷ ወደ ልጆቹ ትመለሳለች፤ እኔ ግን ክረምቱን እከርማለሁ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባቄላ የዘራ ሰው አንድ ክረምት ያርፋል። ጣራዎ ሥር ደግሞ በእንግድነት አልገባም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱ ፊት አብረን እንቆማለን። መዝጋቢዋ መስመሩን እንዳትዘጋው ይንገሩልኝ፤ ከሁለት ሺህ ሃምሳ አንዱ ቀጥሎ ያለው ሰው መንገድ ላይ ነው።

ልጅዎ ኢግናሲዮ ጋይዳ፣ የጸሐፊው ዘር